የንብረት ግምት ቅጽ

ማክሰኞ ሌሊት ነው፣ የውሃ ተራችን፤
ጄሪካን ተደርድሯል ከወጥ ቤት በራችን።
የቧንቧውን ጉሮሮ እያደመጥኩ አለሁ፤
ሳል እስኪጀምረው ቁጭ ብዬ አነጋለሁ።
ትርሲት ተኝታለች። አራብሳም ተኝቷል።
ከብሎኩ ጀርባ ግን፣ ከተረፈው ማሳ፣
ጅብ አለ እስከ ዛሬ፣ ሰፈሩን ያልረሳ።

ትናንት አርባ ስምንት ሞላኝ።
ናሁሰናይ ደውሎ «አባዬ፣ እንኳን...» ብሎ፣
የዶርሙን፣ የኮፒውን፣ የምናምኑን ቀጥሎ።

ሥራዬ ግምት ነው።
የሰው አጥር ለክቼ፣ የሰው ዛፍ ቆጥሬ፣
ጎጆውን በካሬ፣ በብር መንዝሬ፣
«እዚህ ጋ ፈርም» እያልኩ ሃያ ዓመት ኖሬ፣
ዛሬ ቧንቧው ሲዘገይ ከቦርሳዬ መዝዤ
ባዶ ቅጽ ዘረጋሁ፣ እስክሪብቶ ይዤ።

የባለ ንብረት ስም፦ እሸቴ ዘርጋው።
የግምቱ ምክንያት፦
«ለመንገድ»፣ «ለቤት ግንባታ» ይላል ቅጹ።
ሁለቱንም ሰርዤ «ለእርጅና» አልኩት።

ተራ ቁጥር አንድ፣ ቤት። ባለ ሁለት መኝታ።
ቀለሙ የእኔ ነው፣ ግድግዳው የባንኩ፣
ደረጃው የጋራ።
ዕዳው የሚያልቀው በአሥራ አንድ ዓመት ከግማሽ፤
ጡረታ የምወጣው በአሥራ ሁለት።
እንግዲህ ስድስት ወር ነው፣ ቆጥሬ ቆጥሬ፣
ቤትም ደመወዝም ያለው ሰው ሆኜ ማደሬ።

ሁለት፣ ዕቁብ። ወጥቶልኛል፤ በልቼዋለሁ፤
እስከ ሐምሌ ድረስ ገና እጥላለሁ።

ሦስት፣ አክሲዮን።
በሩን ያልከፈተ ባንክ ውስጥ ድርሻ አለኝ።
ወረቀቱ ያምራል፤ በወርቅማ ቀለም
ስሜን አሳምሮ ከሳሎን ሰቅሎታል፤
እንግዳ ሲመጣ ቀድሞኝ ያየዋል።

አራት፣ ጡረታ። ከመቶ ሰባት እጅ
በየወሩ ይሄዳል። እንደ ሰማይ ቤት ነው፤
አይቼው አላውቅም፣ ሰምቼ አምናለሁ እንጂ።

አምስት፣ ዕድር። እዚህ ላይ ጎበዝ ነኝ!
አንድ ወር አላጎደልኩም፤ ሁለት ዕድር አለኝ፣
አንዱ የድሮ ሰፈር፣ አንዱ የዚህ ግቢ።
ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ጡሩምባ ነፊው ሳይቀር ተከፍሎበታል።
ዛሬ ማታ ብሞት ማንንም አላስቸግር።
ችግሩ መኖሬ ነው፤
ከስልሳ ዓመት ተነሥቶ እስከዚያ ድንኳን በር
በየትኛው ታክሲ ነው የሚኬደው፣ በስንት ብር?

ከድምሩ በፊት ደግሞ አንድ ዓምድ አለ፣
«የእርጅና ቅናሽ» የተባለ።
ለጭቃ ግድግዳ ብዙ እቀንሳለሁ፣
ለብሎኬት ጥቂት።
ጉልበቴን አሸሁት። ጭቃ ነው? ብሎኬት?
ትርሲት በእንቅልፏ ሳቀች። ይህን የት ልጻፍ፣
ከየትኛው መስመር፣ በስንት?

ታች፣ ከግቢው በር፣ ባትሪ ይመላለሳል።
ኦቦ ሂርጳ ናቸው፣ ዘበኛችን።
ከአሥራ አራት ዓመት በፊት፣ እዚሁ ከቆምንበት፣
መቶ አርባ ባሕር ዛፍ ቆጠርኩባቸው፤ አንድም ግራር፣ ከነእድሜው።
ቆጥሬ ስጨርስ፣
«ጥላውንስ?» አሉኝ። «ጥላውን ስንት አልከው?»
ሳቅሁ። የሚሞላበት ቦታ የለውም አልኳቸው።
ከግርጌው ሁለት ሳጥን አለ፦
«ተስማምቻለሁ»፣ «ቅሬታ አለኝ»።
ፊደል አይለዩም ነበር፤ ምልክቱን ያደረግኩት እኔ ነኝ።
አሻራቸው ብቻ የራሳቸው ነው።

አሁን ቀን ቀን በብሎካችን ጥላ ተቀምጠው
ፀሐይ ስትዞር ወንበራቸውን ያዞራሉ።
ጠዋት «ነጋ እንዴ?» ይሉኛል፤ «ነጋ» እላለሁ፤
ሌላ አናወራም።

እስክሪብቶዬ ከሁለቱ ሳጥን መሀል ቆሟል።
ቧንቧው ሳለ።
መጀመሪያ አየር፣ ከዚያ ዝገት፣ ከዚያ ውሃ።
ተነሣሁ፤ ጄሪካን ይቀድማል።
አሥራ አንድ ናቸው።
ቆጠርኳቸው፣ እንደ ልማዴ።